ሐሙስ ማታ፣ ሙሄ ፀጉር ቤት

ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ደሴ ሸዋ በር፣ ሙሄ ቤት፣
መቀሱ ይቆማል መሀል አናቴ ላይ፤
ግማሹን ከርክሞ ግማሹን ሲተውት
አልቆጣም፤ መጣ ያ የኛ ሰላይ።

ጃንጥላው ሬዲዮ ነው፣ ሲዘንብ አይከፈት፤
ቁም ሳጥን ተደብቆ ያስነጥሳል ድንገት፤
ጠላቱ ሽጉጥ እንደያዘ «ይማርህ» ይለዋል፤
«ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል፤ ወግ ነው፣ ምን ያደርገዋል?

የካዝናውን ቁጥር መዳፉ ላይ ጽፎ
እጁን ይታጠባል፣ ለምሳ ተሰልፎ።
ዓለምን ያተርፋል ካልሲው ሳይገጥምለት፤
ሳምንቱ ለኔማ አንድ ቀን ነው ያለበት።

ሻንጣው ሊከፈት ሲል መብራት ድርግም አለ።
ጨለማው ውስጥ ይመር፣ ሳቅ የማያበዛው፣
«ሰላይ የሚባል ቃል» አለ፣ «በዚች ሰፈር ስንት ቤት አጎደለ፤
ዘንድሮ ነው» አለ፣ «በሳቅ የሰማነው።»

ማንም አልመለሰም።

መብራቱ ቀረ። ግማሽ ጎፈሬዬን በጋቢ ሸፍኜ
ወጣሁ በጦሳ ጉም፣ እኔም ሰላይ ሆኜ።
የሰፈሩ ዘበኛ ባትሪውን አብርቶ «ማነህ?» ሲል ከበር ላይ፣
አስነጠሰኝ።
«ይማርህ» ብሎ
አሳለፈኝ።