ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ስሙ ሰውሪራጃን ነው፤ ምላስ ላይ ይረዝማል፤
ተማሪው አሳጥሮ «ዶክተር ሰው» ይለዋል።
የውሃ ግፊት መምህር ነው፣ እዚህ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ፤
እኔ ልየው፣ የስቶር ሰው፣ ዕቃ ተረካቢ።
ግንባሩ ላይ ጠዋት ጠዋት ሦስት መስመር ያሰምራል፤
«ነጩ የጌታዬ እግር፣ ቀዩ እናቴ ናት» ይላል።

ሰኔ ሠላሳ፣ ቆጠራ ላይ፣ አንድ ፓምፕ ጎደለብኝ፤
መጥቶ ካጠገቤ ቁጭ አለ፤ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ።
«እኔ ከመጽሐፍ ነው፤ አንተ ከሥራህ ታውቃለህ፤
ነፍስህን እንኳ ሳትቀር ተረክበህ ነው ያለህ።
ባለንብረቱ ሌላ ነው፤ ሸክሙም የእሱ ነው፤
ርክክብ ፈርመህ ስጠው።»
«ዶክተር» አልኩት፣ «ከደሞዙ የሚቆረጥበት ግን እኔ ነኝ።»
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ያ ሌሊት መጣ።
የውብዳር ልጄ ከጎንደር ስትመለስ
«ወረታ ደርሰናል» ብላ ጻፈች፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤
እጄ በስልኩ ላይ ደረቀ፣ ዓይኔ እንዳፈጠጠ።
ሐሙሲት አለ፣ ዘንዘልማ አለ፣ የዓባይ ድልድይ አለ፤
መንገዱን በጣቴ ጨረስኩት፤ ሌሊቱ ንቅንቅ አላለ።

ወረድኩ ወደ ጣና ዳር። እምቦጩን ነፋስ ገፍቶት
ከድንጋዩ አስጠግቶታል። ዶክተርም እንቅልፍ እንቢ ብሎት
ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቆ ጎኑ።
አላጽናናኝም። እንዲህ አለኝ፦
«በአገሬ ሁለት ወገን አለ፣ የአንድ እምነት ሰዎች፣
ስንት መቶ ዓመት ይከራከራሉ፣ ስለ ጦጣና ድመት ልጆች።
የጦጣ ልጅ እናቱን ይይዛል፤ ስትዘል ከላላ፣ ወደቀ።
የድመት ልጅ አይይዝም፤ እሷ በማጅራቱ ታነሳዋለች፣
እሱ እግሩን ሰብስቦ ዝም ነው።
ነፍስ የትኛዋ ናት?»
«ያንተ ወገንስ?»
«የድመት» አለ። ቆየና፦
«የፈተና ውጤት ሳስገባ ግን ጦጣ ነኝ።»

ሁለቱንም አውቃለሁ። ከስቶሩ ጀርባ ዋርካው ላይ
ጦጣዎቹ ይዘላሉ፣ ልጅ ከሆዳቸው ተለጥፎ፤
ቢጫዋ ድመትም አራት ልጆቿን ከሲሚንቶ ከረጢት
ወደ ግፊት መለኪያው መደርደሪያ አዛውራለች፣
ያለ ሞዴል ሃያ ሁለት።

«ልጄን ልልቀቃት ነው የምትለኝ?»
«እሷን መች ያዝካት?» አለ። «የያዝከው ስልኩን ነው።»

ውሃው ጥቂት ጊዜ ድንጋዩን መታ።
«ፈራጁ ቢቆጣ እንኳ» አለ፣ «ከደረቱ ላይ እናት አለች፤
መዝገቡ ሳይገለጥ ‹ተወው፣ ልጅ ነው› የምትል።»
እኔም እንዲህ ያለች እናት አውቃለሁ። ስሟን አልጠራሁለትም።
እሱም አልጠየቀኝም።

ፊደል መማር ከጀመረ ዘጠኝ ወሩ ነው።
በስልኩ መብራት፣ በእንጨት፣ ጭቃው ላይ ጻፍኩለት፦
መያዝ።
«አንብብ።» አላልቶ አነበበው።
«አሁን አጥብቀው።» አጠበቀው።
ሲላላ ያዡ አንተ ነህ፤ ሲጠብቅ የተያዝከው አንተ፤
ፊደሉ ግን ያው ነው፣ አንድ ጭረት አልጨመረም።
«ጠበቀ» ራሱስ? ገመድ ጠበቀ። ዘበኛ ጠበቀ።
ዝም አለ፣ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ይህን ቋንቋ የሠራው ሰው ድመት ነበር።»

እንዴት እንደተኛሁ አላውቅም። ስነቃ ጤዛ፣
ስልኩ ከሣሩ ወድቆ፣ ያልተነሳ ጥሪ ሰባት።
ሐሙሲት፣ ከማታውቃት ሴት ቤት አድራ ነበር፤
«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው የማታነሳው?» አለች፤
«ሌሊቱን ሙሉ በድንጋጤ ገደልከኝ!»

ፓምፑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በየወሩ ይቆረጥብኛል።
ዶክተር ኮንትራቱ አልቆ፣ ነሐሴ ላይ፣ ክሊራንስ ይዞ መጣ፤
ማኖሜትር፣ ቁልፍ፣ ወንበር፣ አንድ ሳያስቀር አስረከበ።
«ያልተመለሰ ንብረት» በሚለው ሣጥን ውስጥ
በዚያ ጠማማ ፊደሉ አንድ ቃል ጽፏል፦
መያዝ።
ፈረምኩበት። ማኅተሙንም አሳረፍኩ።
አላልቼ ላንብበው ወይ አጥብቄ፣
አልነገረኝም።