እጅ የመስጠት ውል

በየሦስት ወሩ አንድ ፖስታ አሸግሁ፤
«ለወይዘሮ ቬንድላ» ብዬ ከላይ ጻፍሁ፤
ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ሰነበትሁ።
ስምንት መቶ ሰባ አምስት ዶላር፤ አይወርድ፣ አይጨምር፣
ዳኮታ ሜዳ ላይ ስንዴው ቢያሸትም፣ በረዶ ቢከመር።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ መስማት ለተሳናቸው
በቆመ ትምህርት ቤት፣ ከኋላ ባለችው
ጠባብ ክፍል ሆኖ መዝገብ መጠበቅ ነው።

እንዴት እንደ መጣች ልንገራችሁ እስቲ፤
ሰባ አምስት ዓመቷ፣ ጭቃ የያዘ ቦቲ፣
ባሏ የተወላት የጎተራ አክሲዮን
ተሸጦ በእጇ ነው፣ ሃምሳ ሺህ የሚሆን።
«ልስጥ ብዬ መጣሁ፤ ግን እጄ አጭር ነው፤
ሰጥቼ እንዳልለምን፣ የምፈራው ይህን ነው።»

አለቃዬ ፕሩት ወንበሩን አስጠጋ፣
የዕድሜ ሠንጠረዥ ከፊቷ ዘረጋ፦
«ገንዘቡን ይስጡን፤ እርስዎ እስካሉ ድረስ
ከመቶው ሰባቱ በያመቱ ቤትዎ ይድረስ፤
ሲያልፉ የተረፈው፣ ቢበዛም ቢያንስም፣
የልጆቹ ይሆናል። አንዴ ከፈረሙ መመለስ የለም።»

«ለምን ሰባት?» አለች። «ዕድሜዎ ነው ዳኛው፤
ልጅ ቢሆኑ ኖሮ ያንስ ነበር መቶኛው።»
«እርጅና እንግዲህ አንድ ቀን ጠቀመኛ!»
እሷ ከት ስትል ፈገግ አልን እኛ።

ግብሩንም ነገራት፦ ከስጦታው ከፊሉ
ከዘንድሮው ገቢዋ ተቀናሽ መሆኑን፣
ከያንዳንዱም ቼክ፣ ለጥቂት ዓመታት፣
ገሚሱ የገዛ ገንዘቧ ነውና ቀረጥ እንደማይነካባት።
እሷ ግን በመስኮት
በጣት የሚጣሉ ሁለት ልጆች ታያለች።

ድንገት ዞር ብላ፣ «እናንተ ብትከስሩስ?»
ፕሩት አልዋሸም። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ባንክ አይደለንም፤ ዋሱም እኛው ነን፣
ይህ ሕንፃ፣ ይህ መሬት፣ በካዝና ያለን።
ደግሞም ዳቦ ቢወደድ ቼኩ አይወደድም፤
ኋላ ‹አልነገሩኝም› እንዲሉ አልፈልግም።»

«ይሁን» አለች። ቆየች። ብዕሩን አነሣች።
«ከእጅ ወደ አፍ ኑሮን ሰው ድህነት ይለዋል፤
ወንድሜን ኢንግቫርን ግን እሱ አበልጽጎታል።
እጁ ነበር አፉ፤ እዚሁ ነው የፈታው፤
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እቤት ሳለ፣ ምን እንደሚል ማን ሰማው?
ብቻ ማታ ማታ፣ ኮሪደሩ ሲጨልም፣
ወሬው ይቆረጣል፤ እጅ በጨለማ ምላስ የለውም።»

ፈረመች።
ወረቀቱን በጣቷ ወደ ፕሩት ገፋች፤
እንደ ተማረከ ወታደር ሁለት መዳፏን ወደ ላይ አነሣች፤
«በቃ፣ እጅ ሰጠሁ!» አለች።

መዝገቤ ላይ አንዲት ዓምድ አለች፣ ጠባብ፤
«የሚጠበቅ ዕድሜ»፤ ሰማንያ ስምንት ትላለች ሲነበብ።
ቬንድላ አለፈቻት፣ አጥር እንደምትዘል ፍየል።
ፕሩት ጡረታ ወጣ። እሷ ግን በየታኅሣሡ ትደውል ነበር፦
«ዛሬም አለሁ፣ ይቅርታ!»
«ዕድሜ ይስጥዎ» እላታለሁ።
ከልቤ ነው።
መዝገቡ ግን በጎኔ ሆኖ ሳል ሳል ይለዋል።

በዘጠና አራት ዓመቷ፣ የካቲት ላይ፣
ፖስታዬ እንደ ታሸገ ተመለሰ።
ሃምሳ ሺው ወልዶ፣ ደግሞ ተከፍሎ፣ ደግሞ ወልዶ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ተረፈ፣ ብዬ ጻፍሁ።
ብዙ ነው? ትንሽ ነው? እኔ እንጃ፣ አላውቅም፤
የኮሪደር መብራት ገዛንበት፤ ሌላ ምንም።

ትናንት አምሽቼ ስወጣ፣
ሦስት ልጆች በፒጃማ፣ ከአዲሱ አምፖል ሥር፣
እጃቸው ከእጃቸው እየተሻማ፣
ጥላቸው ግድግዳውን ሞልቶ ይናገር ነበር።
«ተኙ» ልላቸው አልሁና
እጆቼን ኪሴ ከተትሁ።