ቀንድ ይላክልኝ

ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት መጣ ማታ፤
ኪቦርዴን ከጨርቁ ገለጥሁት በርጋታ።
ሠርግ የለም፤ ሁዳዴ ነው፤ ጣቴም ሥራ ፈታ፤
«ስሪት አንድ ነጥብ ሦስት» ይላል፣ በዚያው ቦታ።

ባሕር ዳር ስገዛው ሻጩ፣ ውዱ ልየው፣
«ገና ልጅ ነው» አለኝ፣ «ሲያድግ ነው የምታየው።
ፋብሪካው በያመት ማሻሻያ ይልካል፤
የጎደለው ሞልቶ ያረጀው ይተካል።»
ዋጋውን ጨመረ። ለብረቱ መች ሆነ፤
ገና ላልመጣው ነው። ልቤም አብሮ አመነ።

ጉድለቱ ይህ ነው፦
አንዲት ድምፅ አለች፣ በሁለት ቁልፎች መሀል፣
ስሟን ማንም አያውቅ፣ ሁሉም ሰው ያውቃታል፤
አንቺሆዬ ሲባል ሹልክ ብላ የምትገባ፣
ከጉሮሮ እንጂ ከጣት የማትግባባ።
ማሲንቆ ያገኛታል ጣቱን ሸርተት አርጎ፤
የእኔው ግን ይዘላል፣ ደረቅ መሬት ፈልጎ፣
ጫማው አዲስ እንደሆነ የቀበሌ ጸሐፊ።

ሌላም ሕመም አለው። ጭፈራው ሲጋጋል
እጄን ባነሣም አንዷ ድምፅ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤
ሙሽራ ወጥቶ፣ ሚዜ ወጥቶ፣ ዳሱ ሲፈታ፣
አልሄድም እንደሚል ሰካራም ታላዝናለች።

ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። ስንሻው፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣
በቀይ አርሞ ሰጠኝ፤ ካርታም ሣልሁ ከሥሩ፦
ዓባይ ሲጠመዘዝ፣ እኔ ከመሀሉ፣
ያቺም ድምፅ ከጎኔ። «ደርሶናል» አሉ።
«እናመሰግናለን።» ሁለት ክረምት ሄደ፤
ብር ሸለቆ በቆሎው ሁለቴ ታጨደ።

አንድ ነጥብ ሁለት መጣ፤ ከቴሌ ጎን ግማሽ ቀን ጠብቄ ቀዳሁት፤
የመብራቱን ቀለም ብቻ ለውጦ አገኘሁት።
አንድ ነጥብ ሦስት መጣ፤ ሰባት ዓይነት ደወል፣
በበረዶ ላይ ጋሪ ሲጎተት የሚደወል።
በረዶ እኛ ዘንድ የጤፍ ጠላት ነው፤
ለየትኛው ሙሽራ ብዬ ነው የምደውለው?

አማቼ አያ አንማው ይህን ሁሉ ሰምተው
ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ፦
«እኔም ከቡሬ ገበያ በሬ ገዝቼ ነበር።
ለሻጩ ደብዳቤ ጻፍሁ እንዴ፣
‹ቀንድ ይላክልኝ› ብዬ?»

አያ፣ የእርስዎ በሬ ከነጅራቱ ሙሉ ነበር፤
የእኔን የሸጡልኝ
«ቀንዱ መንገድ ላይ ነው» ብለው ነው።

ትናንት ሌላ መልእክት መጣ፦
ይህ ሞዴል ከእንግዲህ ማሻሻያ አይደርሰውም፤
አዲሱን ይግዙ፤ ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን።
ታማኝነቴን ማን ነገራቸው?

እንዲሁ ስቆጣ ስልክ ጮኸ፣ ከጅጋ።
ሞላልኝ ነው፣ አሮጌውን ኦርጋን የሸጥሁለት ልጅ።
«ጋሼ፣ ያቺ የተሰበረችው ሬ…
በሚቀጥለው ወር መጥቼ እሠራታለሁ ብለውኝ ነበር»
ብሎ ዝም አለ።
ወሩን ቆጠርሁት። ሃያ ስድስት ሆነ።

ማክሰኞ በጧት ካቻቢቴ በኪሴ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።
ልጁ በቁልፏ ሥር ክብሪት ሸጉጦላት ነበር፤
ጥሩ ሠርቷል፤ ከእኔ ብልሃት ይሻላል።
ቢሆንም ፈታሁት። አቧራውን እፍ አልሁ፣ ላስቲኳን ቀየርሁ፤
ክብሪቷን ግን በኪሴ ከተትኋት፣
ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ማታ መብራት ነበር።
ኪቦርዴን ከጨርቁ ገለጥሁት፤ አንድ ነጥብ ሦስት፣ በዚያው ቦታ።
በግራ በኩል ትንሽ ጎማ አለች፣ ድምፅ የምታጎብጥ፤
እስከ ዛሬ ለቀልድ ነበር የምነካት።
አውራ ጣቴን አሳረፍሁባት፤ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣
ደጅ የቆመች ዓይን አፋር እንደሚጠራ ሰው፣
«ግቢ» አልኋት።

ቀረበች።
አልገባችም።
ነገ መብራት ካለ፣ እንተያያለን።