ከልክ በላይ

ከናሪን ስንወጣ ሰማዩ ጠርቶ ነው፤
ጆልቹባይ ካፖርቱን አውልቆ ከኋላ ጣለው።
«ኅዳር ነው» አልኩት፣ «ታምነዋለህ እንዴ?»
«አላምነውም» አለ፣ «እስኪከዳኝ ድረስ ልሙቀው ግን አንዴ።»

ከኋላ፣ በሣጥን፣ በቆዳ ጠፍር ታስረው፣
ባለ ሃያ ኪሎ አምስት ብረቶቼ ጎን ለጎን ተኝተው፤
ዝገት እንዳይበላቸው በዘይት የማብሳቸው፣
ከልጄ ፀጉር ይልቅ እጄ የሚዳብሳቸው።

ሥራዬ ይኼ ነው፤ ሚዛንን መመዘን፣
ሥጋ ቤቱን፣ ፖስታ ቤቱን፣ የሱፍ መጋዘን፤
ልክ ከሆነ ማተም፣ ካልሆነ ማረም፣
በዓመት አንዴ ብቻ፣ መንገዱን በረዶ ዘግቶት ሳይከርም።

«ቀይ ወገብ» በሚሉት፣ በዚያ ኮረብታ፣
ካፊያ ተቀበለን ያለ ሰላምታ፤
ካፊያው ጠጠር ሆነ፣ ጠጠሩ አመዳይ፣
አመዳዩ ጉም ሆነ፣ መንገድ የማያሳይ፤
ወዲያው ደግሞ ፀሐይ፣ ምንም እንዳላየች፣
በመስተዋቱ ላይ ጠብታውን ሁሉ አብርታ አሳየች።
የቀኑን ቅጽ አውጥቼ ስሞላ፣
«የአየር ሁኔታ» ከሚለው ላይ ሦስቴ ሰረዝኩና ተውኩት በኋላ።

ከመንገዱ ግርጌ ፈረሶች
ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው፣
አንገት ለአንገት ቆመዋል፤
ተስፋ ቆርጠው አይደለም። ለምደው።

ካራ ቡላክ ደረስን ስምንት ሰዓት ላይ።

ሱቁ ልክ ነበረ፤ ፖስታ ቤቱም አይታማም።
ሥጋ ሻጩ ግን ሠላሳ ግራም ለራሱ ያደላል፤
ማኅተሙን ስነቅል፣ «ነፋስ ነው» ይላል።

የመጨረሻው የከሰሉ ግቢ።
ጥቁር የድንጋይ ክምር፣ አናቱ ነጭ የለበሰ፣
ሽማግሌው ኤሰንቁልም እንደዚያው፣
ጢሙ እኩሌታው ጥላሸት፣ እኩሌታው በረዶ የቀመሰ።
ሴቶች በጋሪ፣ ልጆች በአህያ
ከአጥሩ ጥግ ይዘው ወረፋ፣
የስድስት ወር እሳት በኪሎ ሊገዙ፣
ጆንያቸውን አቅፈው እንደ ተስፋ።

አምስቱን ብረት ጫንኩ፤ መቶ መሆን ነበረበት፤
ጠቋሚው ተንቀጥቅጦ ዘጠና ስምንት ላይ ቆመ። አወረድኩ፤ ደገምኩት።
ዘጠና ስምንት።

ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ያየሁት ተንኮል
ሁሌም ወደ ሻጩ ጓዳ ነው የሚያዘነብል፤
ይኼኛው ግን ያጋደለው ወደ በሩ፣
ወደ ጋሪዎቹ፣ ወደ ሰፈሩ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።
በረዶውን ከቆቡ አራገፈ፤
ሰልፉን አየ፣ የቤቶቹን ጭስ አየ፣ ዝም ብሎ አለፈ።
ቆይቶ፣ «አርጅቷል» አለ፣ «እንደኔው ነው ጉልበቱ፤
ያረጀ ነገር ደግሞ ይለግሳል፣ ልጄ፣ ሲላላ አንጀቱ።»

ሕጌ አይጠይቅም ስሕተት ለማን እንዳዳላ፤
ብሎኑን አጠበቅኩት፣ ጠቋሚው መቶ እስኪሞላ።
ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ ሕፃን ያዘለች፣
የምሠራውን ታያለች፤ ሒሳቡ ገብቷታል፤ ምንም አላለች።
ከእያንዳንዱ መቶ ሁለት ኪሎ ወሰድኩባት፤
ሁለት ኪሎ ከሰል፣ በየካቲት፣ አንድ ንጋት ናት።

የእርሳሱን ማኅተም ነከስኩት በጉጠት፤
እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርዱ ነው፣ አልኩ፣ የብረት።

ኤሰንቁል የሴትዮዋን ጆንያ መዘነ።
መቶ። ልክ። ገንዘቡን ቆጥሮ በኪሱ ከደነ።
ከዚያ ጆንያውን ከሚዛን አውርዶ መሬት ላይ፣
አካፋውን አነሣና፣ እኔን ሳያይ፣
አንዴ ጨለፈ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፤
ከሰሉ ከአፉ ሞልቶ በበረዶው ላይ ፈሰሰ።

«ይኼስ?» አልኩት።
«ይኼማ ምርቃት ነው፤ መዝጋቢ የለውም፤
በአንቺ ብረት አይሰፈርም፣ በማኅተም አይታሸግም።»

ቅጼን አገላበጥኩ። ለምርቃት ሣጥን የለም።
«የከሰል ሚዛን፣ ልክ» ብዬ ፈረምኩ፤
ቀለሙ ሳይደርቅ አመዳይ አረፈበት፤ በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ስንመለስ ጆልቹ ካፖርቱን ለብሷል፤
ፀሐይዋ ከድታው ዳገቱ መሽቷል።
ብረቶቹ ከኋላ በየጉድጓዱ ያቃስታሉ።
ማርሹን ቀየረ፤ ሞተሩ ጮኸ።
«ምን ጨምረሽ ጫንሽ?» አለኝ፣ «እንደ ጧቱ አይደለም።»
«ያው መቶ ኪሎ ነው» አልኩት፤ «ከልኩ አላለፈም።»