በላስቲኩ እንዳለ

ከሳሪስ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ቆሜ በአውቶብስ፣
ጃኬቴ ስር ደብቄ አንድ ላስቲክ ሙሉ ነፍስ፦
ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር፣
ሁለት ብርቱካናማ ዓሣ። ክርኔን ዘረጋሁ እንደ አጥር።
ትኬት ቆራጯ “ምንድነው እሱ?” አለች፣ ሆዴን አይታ።
“አዲስ ተከራዮች” አልኳት፤ ሳቀች፣ ሦስት ትኬት ልትቆርጥ ዳድታ።

ሻጩ ጋሽ ሙዘይን መክሮኛል፣ ጣቱን ቀስሮ፦
“በአንዴ እንዳትዘረግፋቸው፣ እንደ ቆሎ ከቋጠሮ።
በላስቲኩ እንዳለ አንሳፍፍ፣ ሙቀቱ እስኪስማማ፣
ከዚያ በጠርሙስ ክዳን ያንተን ውሃ ጨምርላቸው፣ እየቆየህ፣ እያሰብክ።
ዓሣን የሚገድለው ውሃ አይደለም፣ ልጄ፤
ድንገት ነው።”

ውሃችን ደግሞ ውሃ ነው? የሚመጣው በፈረቃ፣
ማክሰኞ ሌሊት፣ ቧንቧው ሲያስል ቤቱ ሁሉ ሲነቃ።
የጄሪካኑን ክዳን ከፍቼ ሁለት ቀን አቆየሁት፣
ክሎሪኑ እስኪለቀው እያሸተትኩ ጠበቅሁት።
ሚስቴ ወርቅያንሹ ታዘበችኝ፦ “ለእኛ እንዲህ ስትጨነቅ አላየሁም፤
ያንኑ እኮ ነው የምንጠጣው፣ ማንም አላሸተተልንም።”

ከዚያ ድንጋዮቹን አዛወርኩ።
ነባር ዓሣ ጥግ አለው፤ ጥጉን ካላጠፉበት እንግዳ ያሳድዳል፣
ብሎኛል ጋሽ ሙዘይን።
እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ገሉን ወደ ግራ፣ ሣሩን ወደ ቀኝ።
ሻምበል (ስሙን ያወጣችለት ልጄ ሐመልማል ናት፣ አዛዥ ስለሆነ)
ዋሻው የነበረበት ባዶ ላይ ቆሞ ዞረ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና።
አውቀዋለሁ ያንን ዙረት።
ካዛንቺስ ሄጄ፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ በራችንን ባጣሁ ቀን
እጄ ኪሴ ገብቶ ቁልፍ ሲፈልግ ደርሼበታለሁ።

ላስቲኩ ተንሳፈፈ። ሐመልማል ወንበር ላይ ወጥታ፣
አፍንጫዋን ከመስታወቱ ለጥፋ፣ በትንፋሿ ደመና ሠርታ፣
“አባ፣ ይተያያሉ እኮ! ለምን አይገናኙም?”
“ይተያያሉ” አልኳት፣ “ገና ግን አንድ ውሃ አይደሉም።”

እኛስ? ዕጣ የጣለን ዓመት፣ እዚህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ፣
አንገት ደፍተን፣ ሁሉም በየላስቲኩ፣
የመጣበትን ሰፈር ውሃ ይዞ፣
ስድስት ወር ተንሳፈፍን፣ ሰላምታችን ቀዝቅዞ።
የመጀመሪያዋን ክዳን ያፈሰሰችው የሦስተኛ ፎቋ ዘቢባ ናት፤
የእኔን ጄሪካን ከራሷ ጋር አንስታ፣ ምንም ሳትል የወጣች ለት።

ክዳን አንድ። ክዳን ሁለት። አሥራ አንደኛው ላይ መብራት ጠፋ።
ፓምፑ ዝም አለ። አረፋው ቆመ። ሐመልማልን ከፋት።
“ስትለቃቸው ጨለማ ይሁን” ብሎ ነበር ጋሽ ሙዘይን፤
መብራት ኃይል ሰምቶት ኖሯል።

ኦቦ ዲሪባ፣ ጥበቃችን፣ ባትሪ ይዘው መጡ፣
ልጄ ቀን ነግራቸው፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጡ።
ዓሦቹን በሻይ ማጥለያ አንድ አንድ አድርጌ አሻገርኩ፤
ይዘውት የመጡትን ውሃ ግን እቃ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት፤
ይሄንን ሲመክረኝ ጋሽ ሙዘይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ኦቦ ዲሪባ ጎንበስ ብለው፣ ብርሃኑን በመዳፋቸው ከልለው፣ ብዙ አዩ።
ይህ ብሎክ የቆመው እሳቸው ምስር ይዘሩበት በነበረ መሬት ነው።
አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ሳልጠይቃቸው፣
“እዚህ ጋ ጉድጓድ ነበረን፣ ውሃው ይጣፍጥ ነበር” ብለውኛል፤
አልደገሙትም።

አሁን ጣታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ ሳይነኩት፣
“አዲሱ የትኛው ነው?” አሉ።

ሐመልማል ልታሳይ እጇን አነሣች።
ድንጋዩ ቦታውን ለቋል፣ ብርሃኑ ቀጭን ነው፣
ሦስት ብርቱካናማ፣ ሦስቱም ጥግ ፈላጊ።
ጣቷ አየር ላይ ቆየ።
እኔም ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር።
የጠርሙሱ ክዳን በእጄ ነው፣ ገና እርጥብ።