ግማሽ ጆግ

ማክሰኞ ሲመሽ መጣ፣ ከፍጥነት መንገዱ ማዶ፣
ረጅም ጉልበቱን ከደረቱ አላቆ፣ ከባጃጅ ወርዶ።
ቱሉ ዲምቱ ነው ሰፈሩ፤ ብሎኩ መቶ ሰማንያ፤
ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ፣ የኔ ቢጤ ማረፊያ።
«ሰላም ነህ ወይ፣ መካኒኩ?» አለኝ፤ እጁ እንደ ድሮው ሸካራ፤
ሁለት ቀን በጭነት መኪና፣ አንድ ቀን በአውቶቡስ፣ ከኩላሊቱ ጠጠር ጋራ።

ስምንት ዓመት ሆነ ኤልጋብን ካየኋት።

ለፓምፕ ጥገና ተልኬ፣ በአሮጌ ላንድክሩዘር፣
ቀይ አቧራ እየዋጥኩ፣ ኩይሳ ስቆጥር፣ ግራር ስቆጥር፣
«ደረስን» አለኝ ሾፌሩ። «የት?» ብዬ ዞሬ ፈለግኳት፦
በኖራ የነጣ መስጊድ፣ ሦስት ሱቅ፣ የቆርቆሮ ጥላ፣
ከጥላው ሥር ፍየሎች፣ ሽማግሌዎች ከፍየሎቹ ኋላ።
ልጆቹ ስሜን ሳይጠይቁ «መካኒክ!» ብለው ጠሩኝ፤
ያለ ውሃ አጠመቁኝ፣ በዚያው ስም ሸኙኝ።

ሮብሌ ማለት የዝናብ ልጅ ነው፤ የተወለደው ሲያካፋ፤
ያን ቀን ዛሬም ይቆጥሩበታል፤ ከማንም ልብ አልጠፋ።
«ኤል ጉድጓድ ነው፣ ጋብ ደግሞ አጭር» ብሎ ተረጎመ፤
ገመዱን ሳየው ግን ሲጎተት ዋለ፤ አልተፈጸመ።
«ታዲያ ስሟ ለምን ይዋሻል?» አልኩት። «አያቴ ሲያወጡላት
ውሃው ቅርብ ነበር» አለ፤ «ኋላ ነው የሸሻት።»

ያን ማታ ሚስቱ ሂቦ አንድ ጀሪካን አመጣች፤
አጠገቤ አስቀምጣ፣ ዓይኗን መልሳ ወጣች።
እኔም እንደ ቧንቧ ልጅ፣ አፈሰስኩት በነጻ፤
አንገቴን፣ ክንዴን፣ እግሬን፣ ጫማዬን ሳይቀር እስኪነጻ።
አሸዋው ጠጣና ዝም አለ። ሰውም ምንም አላለኝ።
በማግስቱ ነው፣ አንድ ሕፃን ባዶውን ጀሪካን ገልብጦ ሲያሳየኝ፣
የገባኝ፦ የስድስት ሰው የቀን ውሃ ነው ታጥቤ የጨረስኩት።
ፓምፑን በአሥር ቀን ጠገንኩ። ያንን ግን አልመለስኩት።

አሁን ሮብሌ በኔ ደጃፍ፣ ጫማውን አውልቆ ቆሞ፣
«ውዱእ ላድርግ» አለኝ፤ መግሪብ ደርሶ፣ የረር ተራራ ጠይሞ።
ቧንቧውን ከፈትኩት። አየር ብቻ። አንድ ጊዜ አሳለና
ዝገት ተፋ፣ ዝም አለ፤ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነውና።
ሮቶው ባዶ። ጎረቤት ባዶ። ቦቴው «ነገ» ብሎ ነበር፤
አራት ፎቅ ወረድኩ፣ ከጋራዡ ዘበኛ ልበደር።
ኦቦ ገለልቻ በባትሪ እያዩ አንድ ጆግ ሰፈሩልኝ፤
«ነገ ሁለት አድርገህ» አሉና፣ ወለዱን ሳይቀር ቆጠሩልኝ።
ደረጃውን ወጣሁት፣ እንዳይፈስ በእጄ ከድኜ፣
እንቁላል በጉያው እንደያዘ ሰው ሆኜ።

ሮብሌ ሳቀብኝ፣ ጎኑን ይዞ፣ ጠጠሩ እያመመው፦
«የኛን ፓምፕ አንተ አዳንከው። ያንተንስ ማነው የሚያክመው?»
ከኪሱ ወረቀት አወጣ፤ «በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ጠጣ፤
ካልሆነ አዲስ አበባ ሂድ» ይላል። እሱም ይኸው መጣ።

«መጀመሪያ ጠጣ» ብለው፣ ዝም ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፤
መዳፉ አጭር ጉድጓድ ሆነ፤ ከዚያች ጉድጓድ ቀድቶ ታጠበ።
እጁን። አፉን። ፊቱን። ክንዱን።
ራሱን በእርጥብ ጣት ዳብሶ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጆሮውን።
እግሩን በመጨረሻ፣ በጣቶቹ መሃል እያሸ፣
አንዲቷን ጠብታ ከወለሉ እያሸሸ።

ሰግዶ ሲነሳ ጆጉን አየሁት። ግማሹ እንዳለ አለ።
«ለእግርህ ነው፤ መታጠብ እንደምትወድ አውቃለሁ» አለ።

ሌሊት፣ ከጨረቃ ቤቶቹ ወዲያ ጅብ ሲጮህ፣ ሲያቃስት ሰማሁት።
ብርጭቆውን በጨለማ ሞልቼ በሁለት እጁ አስያዝኩት።
በእንቅልፍ ልቡ ጠጣው። ደግሜ እስከ አንጥፍጣፊው ቀዳሁለት።
አንድ ጀሪካን ነበር ዕዳዬ፤ ግማሽ ጆግ ቀነስኩለት፤

እሱንም የኦቦ ገለልቻን።