አንድ ዓይን ጨፍኖ

ሳንቃ መቃናቱን የማውቅበት ዘዴ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ጠርዙን ማየት ነው አንዴ።
ሃያ ዓመት ሄርማታ ከዋንዛ ጋር ኖሬ፣
ጉጡን ከነስንጥቁ በመዳፌ ቆጥሬ፣
የገዛ ልጄን ዓይን
ሦስት ወር ሙሉ ሳላነበው ቀረሁ።

ሙፊዳ ናት ያወቀችው። ስታጠባት፣
ልጅቱ ፊቷን ስታ ወደ ድምጿ ስትዞርባት፣
«ቴማም፣» አለች፣ «ይቺ ልጅ እኔን አታየኝም፤
የምትሰማኝ ብቻ ነው።»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
ኢፍቱ ብለን ነበር ስሟን፣ የምታበራ።

ሰፈሩ ምክር አይነጥፍበት።
አንዷ «ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን በልቷት»፣
አንዷ «እርጉዝ ሳለች፣ ጨረቃ ስትጋረድ ወጥታበት»፣
የባጃጁ ልጅ እንኳ ሆስፒታል ሊያደርሰን
በመስታወቱ እያየ «እናቷ ስልክ ታበዛለች?» አለን።
እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ሌሊቱን በልቤ
የሙፊዳን ዘር ቆጠርሁ፣ ከአያት ቅድመ አያት ስቤ፤
ዕውር ፍለጋ።

ሐኪሟ ክፍሉን አጨልማ በትንሽ መብራት ገባች።
ከጥቁሩ ክብ መሐል ነጭ ነገር አሳየችን፤
ወተት ሲቀዘቅዝ እንደሚይዘው ስልባቦት፣
ጅሬን ላይ አድሮ እንደሚያረፍድ ጉም።
«ሞራ ነው» አለች። ከዚያ ጥያቄዋ መጣ፦
ያለ ቀኗ ነው የተወለደች? ኦክስጅን ላይ ቆይታ ነበር?
በዘር ያለ አለ? በእርግዝናሽ መጀመሪያ
ትኩሳት፣ ሽፍታ?

ሙፊዳ በጣቷ ወራት ቆጠረች።
ሐምሌ። አዌቱ ሞልቶ።
ቀላ ያለ ሽፍታ፣ ሦስት ቀን፣ ከፊቷ ደረቷ ወርዶ፣
ጠፋ። ለእኔም አልነገረች።
እኔ ግን ሌላ ቆጠርሁ፦
ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ናዚፍ፣ የኔው ለማጅ፣
ፊቱ ቀልቶ ሲመጣ «ሥራ አለ» ብዬ ያስቀረሁት፣
ቤቴ ወስጄ፣ በእጇ ምሳ ያበላሁት።

ሐኪሟ ፊቴን አይታው ይሁን፣
«ጥፋተኛ አይደለም፣ ቀን ነው የቸገረን» አለች፤
«ማየትም እንደ አፍ መፍታት ትምህርት ነው፤
ጊዜው ካለፈ ዓይን ይለግማል።»

ማክሰኞ ቀኙ ተሠራ።
ፋሻው ሲነሳ ቀይ ክር አንጠልጥላ ወሰደች፤
የኢፍቱ ዓይን ተከተለው፣ ግማሽ መንገድ፣
ከዚያ ቆመ።
«ለዛሬ ይበቃታል» አለች።
ሙፊዳ አለቀሰች። እኔ፣ የልማድ ነገር፣
ክሩ የሄደበትን መስመር ልለካ
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ኖሯል፤
ገለጥሁት።